ቢከር ማጠብ የማን ሥራ ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በበዓሉ መርሐ ግብር ላይ እንዳያችሁት ለእኛ ክፍል የተሰጠው ርእስ «ሳይንስና የአገር እድገት» የሚል ነበር። በዚህ ርእስ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ከአሁን በፊትም ብዙ ተብሎበታል። ነገር ግን ባለፈው መስከረም አንዲት መምህራችን ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ይዘውልን መጡ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ቅጂው አንድ ብቻ ስለ ነበረ በክበባችን ውስጥ በተራ እየተዘዋወረ፥ ቅዳሜ ቅዳሜም በአንድነት ተሰብስበን መዝገበ ቃላት አጠገባችን አስቀምጠን፥ እስከ ጥር ድረስ አነበብነው። መብራት በጠፋ ማታ በስልክ ብርሃን ያነበቡም አሉ። ከጨረስነው በኋላ ስለ ሳይንስና ስለ እድገት ልንጽፍ ያሰብነው ሁሉ ባዶ መስሎ ታየን፤ ስለዚህ መምህራኑን አስፈቅደን ርእሱን ለወጥን። ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። በንግግራችን ዘመን በጠራን ጊዜ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ እናስታውቃለን።

መጽሐፉ «ሌሰንስ ኢን ኬሚስትሪ» ይባላል፤ በቋንቋችን «የኬሚስትሪ ትምህርቶች» እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ ቦኒ ጋርመስ የተባሉ አሜሪካዊት ሲሆኑ መጽሐፉ የታተመው በ2022 ነው። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ነው፤ በታተመበትም ጊዜ ዕድሜያቸው ከስልሳ ዓመት አልፎ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በካሊፎርኒያ፥ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ባለ ታሪኳ ኤልሳቤጥ ዞት ኬሚስትሪ የምታጠና ወጣት ናት። ለከፍተኛ ዲግሪ ስትማር አስተማሪዋ ግፍ ፈጸመባት፤ ከትምህርት ገበታ የተባረረችው ግን እርሷው ሆነች። ከዚያም በአንድ የምርምር ተቋም ተቀጠረች። እዚያ ከብዙዎቹ ባልደረቦቿ የሚበልጥ ችሎታ እያላት የሚከፈላት ያነሰ ነው፤ የሚያያትም ሁሉ ጸሓፊ ትመስለዋለች። ካልቪን ኢቫንስ የተባለው ዝነኛ ሊቅ እንኳ፥ ቢከር ቸግሯት ከእርሱ ላቦራቶሪ ልትወስድ በመጣች ጊዜ፥ ጸሓፊ ናት ብሎ ነበር የቆጠራት። በኋላ ተዋደዱ። ላግባሽ ቢላት ግን እንቢ አለች፤ ካገባሁህ ሥራዬ ሁሉ በአንተ ስም ይጠራል የሚል ፍርሃት ነበረባትና። እርሱ በድንገተኛ አደጋ ሞተ፤ እርሷ ደግሞ ሳታገባ ስለ ፀነሰች ከሥራ ተባረረች። ወላጆቻችን ባሉበት ይህን ስንናገር እንደምናፍር አንሸሽግም፤ ነገር ግን መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው፤ አለዝበን ብንናገር ውሸታሞች እንሆናለን።

ዞት የቤቷን ወጥ ቤት አፍርሳ ላቦራቶሪ አደረገችው። ቀድሞ ይንቋት የነበሩት ባልደረቦቿ ሥራ ሲከብዳቸው ወደ ቤቷ እየመጡ መፍትሔውን በገንዘብ ይገዟት ጀመር። በመጨረሻም ልጇን ለማሳደግ ስትል በቴሌቪዥን የምግብ አሠራር እንድታሳይ ተቀጠረች። ቀጣሪዎቿ ፈገግ እያለች ወጥ እንድትሠራ ነበር የፈለጉት፤ እርሷ ግን ጨውን ሶዲየም ክሎራይድ እያለች፥ ሙቀት ሥጋን ለምን እንደሚያጠነክረው እያስረዳች፥ በየቤቱ ለተቀመጡት ሴቶች ኬሚስትሪ ታስተምራቸው ጀመር። ፕሮግራሟ የሚተላለፈው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። (ውሻዋ በሰዓት ስም «ስድስት ተኩል» ይባላል። የማታው ስድስት ተኩል ከሆነ እኛ ዘንድ ስሙ «ዐሥራ ሁለት ተኩል» መሆን ነበረበት እያልን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስንሥቅ ውለናል።)

አሁን ስለዚያች ቢከር እንናገር፤ ለራሳችን የተገለጠልን በእርሷ ነውና።

በላቦራቶሪያችን ስንሠራ በቡድን በቡድን ነው። የአሲድና የቤዝ ሙከራ በሚሆንበት ቀን ቢዩሬቱን የሚይዝ፥ ጠብታውን የሚቆጥር፥ ፌኖልፍታሌኑ ጽጌረዳ መስሎ ሲቀላ «ቆመ!» ብሎ የሚጮህ ወንድ ነው። ሴቶቹ ይጽፋሉ። ሙከራው ሲያልቅ ሴቶቹ ያጥባሉ። ቧንቧው ውሃ በማይሰጥበት ቀንም ውሃውን በጀሪካን የሚያመጡት እነርሱ ናቸው። ይህን ያዘዘ መምህር የለም፤ በሕግ የተጻፈም አይደለም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሁ ሆኖ መጣ፤ ማንም አስተውሎት አያውቅም። ዞት ቢከር ፍለጋ የገባችበትን ምዕራፍ ባነበብንበት ቅዳሜ ከመካከላችን አንዷ ተነሥታ «እኔ አራት ዓመት ሙሉ ቢከር አጥቤአለሁ፤ ቢዩሬት የያዝሁት ሁለት ጊዜ ነው» አለች። ወንዶቹ ሣቅን። እርሷ አልሣቀችም። ከዚያ በኋላ ያለፉትን ዓመታት የሙከራ ደብተሮች አውጥተን ተመለከትን። የብዙዎቹ ቡድኖች ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር በሴት ልጅ እጅ ተጽፏል፤ ከላይ በመጀመሪያው መስመር የሰፈረው ስም ግን የወንድ ነው። ይህን በገዛ ደብተራችን ላይ ካየን በኋላ መጽሐፉ የሩቅ አገር ታሪክ መሆኑ ቀረ።

እንግዲህ ኤልሳቤጥ ዞት በልብ ወለድ ውስጥ በምትቸገርበት በዚያው ዘመን በእኛ አገር ምን ነበር? ብለን ጠየቅን። የሴቶች ትምህርት ቤት ነበረ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1931 ተከፍቶ ነበርና። የዚያ ትምህርት ቤት ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1957 ለሕዝብ ምክር ቤት ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። እኒህ እመቤት በጠላት ወረራ ጊዜ ወደ እኛው ጎሬ መጥተው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፉ፥ በኋላም ተማርከው ወደ ጣሊያን አገር የተጋዙ ናቸው። ከመቱ ወደ ጎሬ በምትወጣው መንገድ ስንመላለስ ይህን የነገረን አልነበረም።

ሕጉ ግን ሌላ ነበር። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ የሚበቃውን ዕድሜ ለወንድ 18 ዓመት፥ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ወሰነ፤ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው፥ ሚስትም ልትታዘዘው ይገባታል ብሎ ደነገገ። ይህ የተለወጠው በ2000 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ፥ ባልና ሚስትም በቤታቸው እኩል ተባሉ። እኛ ዛሬ 18 ዓመታችን ነው። ያ የቀድሞው ሕግ ቢሆን ኖሮ፥ ከእኛ መካከል ሴቶቹ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዳለፉ ለማግባት ደርሰዋል ይባሉ ነበር።

ልብ ወለዱን ትተን እውነተኛዋን ሳይንቲስት ፍለጋ ስንነሣ ብዙ ሳንደክም ያገኘናቸው ዶክተር ሰገነት ቀለሙን ነው። የተወለዱት በ1957 በጎጃም፥ በፍኖተ ሰላም ነው። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ነበሩ። ልጅ ሳሉ እንደ ማንኛዋም የገጠር ልጅ ውሃ ቀድተዋል፥ እንጨት ለቅመዋል፥ ወደ ገበያ ሸክም ተሸክመው ሄደዋል፤ አንበጣ የገበሬውን ማሳ እንዴት እንደሚያወድመውም በዓይናቸው አይተዋል። በአካባቢው ልማድ ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ትዳራለች። እሳቸው ግን፥ ራሳቸው ሲናገሩ እንደ ቆዩት፥ እልኸኛና አስቸጋሪ ስለ ነበሩ ለመዳር የሚመቹ ልጅ አልሆኑም። ይህን ባነበብን ጊዜ ከሴቶቹ አንዷ «እንግዲያስ አስቸጋሪ መሆን ይጠቅማል ማለት ነው» አለች። በዚህ ነገር ላይ መምህራኑ ከእኛ ጋር እንደማይስማሙ እናውቃለን።

በ1974 ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ያም ዓመት የአብዮቱ ዓመት ነው። ከአካባቢያቸው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ የተመረቁትም በ1979 በዕፀዋት ሳይንስ ነው። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1985 በሞንታና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፥ በ1989 በካንሳስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ዓመት ከቆዩ በኋላ በ1992 ወደ ኮሎምቢያ ሄደው፥ ካሊ በምትባለው ከተማ አጠገብ ባለው ዓለም አቀፍ የቆላ አገር እርሻ ምርምር ማዕከል እስከ 2007 ድረስ ሠሩ። ዐሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው፤ ይህም እኛ ትምህርት ቤት ከቆየንበት ዘመን ይበልጣል።

ምን ሠሩ? እዚህ ላይ ታግሣችሁ አድምጡን፤ ነገሩ ለእኛ አገር ቅርብ ነውና።

ስታይሎሳንተስ የሚባል ከብት የሚመገበው ተክል አለ። ይህን ተክል ኮሌቶትሪከም የተባለ የፈንገስ ወገን ያጠቃዋል፤ ቅጠሉንና ግንዱን አጥቁሮ ያደርቀዋል። ዶክተር ሰገነት ይህን ፈንገስ በዘሩና በባሕርዩ ለይተው፥ ተክሉ እንዴት ሊቋቋመው እንደሚችል ከመረመሩት ሊቃውንት አንዷ ናቸው። አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በኢሉባቦር የቡና ልጅ ያልሆነ ከእኛ መካከል ጥቂት ነው። በ1971 ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀውን የቡና ፍሬ በሽታ አባቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ አረንጓዴው ፍሬ ጠቁሮ፥ ደርቆ፥ ገና ሳይቀላ ይረግፋል። ያንን በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ኮሌቶትሪከም ካሃዌ ይባላል። የዚያው ወገን ነው! የአንዱ ዘመድ ሌላው ነው። ዶክተር ሰገነት በቡና ላይ ሠርተዋል ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን በኮሎምቢያ በማጉያ መነጽር የተመለከቱት ነገር ባሕርይ በጓሯችን ካለው ጠላታችን ባሕርይ የራቀ አይደለም።

የበሽታውም መድኃኒት የተገኘው ከእኛው ጫካ ነው። የጅማ የምርምር ሰዎች በሽታ የማይነካቸውን የቡና ዛፎች ሲፈልጉ በ1974 ወደዚሁ ወደ መቱ ወረዳ መጥተው ከቢሻሪ መንደር ዘር ለቀሙ። 74110፥ 74112፥ 74165 እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩት የቡና ዓይነቶች ከዚያ የወጡ ናቸው፤ 74 የተለቀሙበት ዓመት ነው። ዛሬ በብዙ አገር ማሳ ላይ ይገኛሉ። አንዲት የፍኖተ ሰላም ልጅ ዩኒቨርሲቲ በገባችበት ዓመት ቢሻሪ ላይ የቡና ዘር ይለቀም ነበር። ይህ ግጥጥሞሽ ብቻ ነው፤ ደስ ስላለን ግን ተናገርነው። ነገር ግን አንድ ሌላ ነገር ጠየቅን፤ ቡና የሚለቅሙት፥ የሚያሰጡት፥ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከሆኑ፥ የቡናን በሽታ የምታጠና ሴት ከኢሉባቦር እስከ ምን ጊዜ እንጠብቃለን?

ዶክተር ሰገነት ከዚህም ሌላ ብራኪያሪያ በሚባለው ሣር ውስጥ ተደብቀው ስለሚኖሩ፥ ሣሩን ከድርቅና ከበሽታ ስለሚረዱ ጥቃቅን ነፍሳት መርምረዋል። ሣሩ በትውልዱ የአፍሪካ ነው፤ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግሮ እዚያ ብዙ ከብት አደለበ። እሳቸውም እንደ ሣሩ ናቸው፤ በ2007 ወደ አፍሪካ ተመልሰው በናይሮቢ አንድ ትልቅ የባዮሳይንስ ማዕከል መሩ። ያ ሣር በምሥራቅ አፍሪካ ለከብት አርቢዎች እንዲዳረስም ማዕከሉ ደከመ። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2023 ደግሞ ኢሲፔ የተባለውን፥ በ1970 የተቋቋመውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዋና ዲሬክተርነት መሩ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በበቆሎ መካከል ዴስሞዲየም ዘርቶ፥ ዳር ዳሩን የዝሆን ሣር ወይም ብራኪያሪያ ተክሎ፥ አገዳ ቆርቋሪውን ትል መድኃኒት ሳይረጩ የሚከላከሉበትን ዘዴ ያወጣው ይኸው ማዕከል ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነው። በ2006 የቻይና መንግሥት ለውጭ አገር ሊቃውንት የሚሰጠውን የወዳጅነት ሽልማት፥ በ2014 ደግሞ ሎሬያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት ተቀብለዋል።

ሌሎችም አሉ፤ ሁሉን እንዳንዘረዝር ሰዓቱ አይበቃም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2009 የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የሆኑት የባዮሎጂዋ ሊቅ የዓለምፀሐይ መኮንን ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የኮሌጅ መሠረቱ የተጣለው በ1950 ስለሆነ፥ አንዲት ሴት ወደዚያ ማዕረግ እስክትደርስ 59 ዓመት ፈጅቷል። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ደግሞ በ1966 በአዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደዱ፤ ዛሬ በአሜሪካ በነዳጅ ሴል ምርምር ስማቸው የታወቀ ነው። አባታቸው የግዕዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው።

በሪፖርቱ ላይ ወደ ተጻፈው ስም እንመለስ። በልብ ወለዱ ውስጥ የዞትን ሥራ አለቃዋ በራሱ ስም ያወጣዋል። ይህ ተረት ነው የሚል ካለ የሮዛሊንድ ፍራንክሊንን ታሪክ ይመልከት። በ1952 በእርሷ ላቦራቶሪ የተነሣው የዲኤንኤ ፎቶግራፍ እርሷ ሳታውቅ ለሌሎች ታየ፤ በ1962 ሦስት ወንዶች የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እርሷ በ1958 በ37 ዓመቷ ሞታ ነበር።

ከአገራችን ደግሞ አስቴር ጋኖን እናነሣለን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሁሉ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ የአነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ እያልን ስንጠራ ኖረናል። አስቴር በልጅነቷ በሊሙ ንጉሥ እጅ በባርነት የወደቀች፥ በ1886 በቀይ ባሕር ላይ ነጻ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገች ናት። አነሲሞስ ከአገሩ የተወሰደው ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ስለ ነበር ቃሉ ብዙ ጠፍቶት ነበር። እርሷ ግን ቋንቋውን በሙሉ ጉሮሮዋ ታውቀው ነበረና የመዝገበ ቃላቱን ቃላት ሰበሰበች፤ ተረቱን፥ ምሳሌውን፥ ዘፈኑን ከአእምሮዋ አውጥታ ጻፈች። ትርጉሙ የቆመው በዚያ ላይ ነው። መጽሐፉ በ1899 በስዊስ አገር ታተመ፤ በ1904 ሁለቱም ወደ ነቀምቴ መጥተው አስተማሩ። አነሲሞስ ታላቅ ሰው ነው፤ ክብሩን ልንቀንስ አልተነሣንም። ነገር ግን አንድ ሰው «የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ማን ተረጐመ?» ብሎ ቢጠይቀን ከጥር ወር በፊት የአስቴርን ስም የሚጠራ ከእኛ ሁለት ወይም ሦስት ቢገኝ ነው። ይህ ምርምርም ሳይንስ ነው ብለን እናምናለን፤ ቃል መሰብሰብና መለየት ዕፀዋት ከመሰብሰብና ከመለየት በምን ያንሳል?

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ አንድ አባት ሰምተው «ልጆቻችንን ወጥ ቤት እንዲንቁ ልታስተምሩ ነው?» ብለው ነበር። መልሳችን እንዲህ ነው። መጽሐፉ ወጥ ቤትን አይንቅም፤ እኛም ካነበብነው በኋላ ከቀድሞው ይልቅ አከበርነው። እናቶቻችን እርሾ ሲያስቀምጡ እርሾና አሲድ ሠሪ ባክቴሪያ እያራቡ ነው፤ የእንጀራውም ዐይን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የወጣበት በር ነው። ከሊጡ ጥቂት ወስደው አብሲት ሲጥሉ ስታርቹ በሙቀት አብጦ ሊጡን እንዲያያይዝ ያደርጋሉ። የጠላ ገንቦ በወይራ ሲያጥኑ ጎጂውን ረቂቅ ነፍስ ይገድላሉ፤ ጌሾው መራራነቱን ሲሰጥ መጠጡንም ይጠብቃል። ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት ሲያነጥሩ ውሃውንና አይቡን ከስቡ ይለያሉ። ቡና ሲቆሉ ስኳሩና ፕሮቲኑ በሙቀት ተዋሕዶ አዲስ መዓዛ ሲፈጠር፥ የምጣዱን ድምፅ ሰምተው መቼ መውጣት እንዳለበት ያውቃሉ። ቴርሞሜትር የላቸውም። የአንዷን ጓደኛችንን እናት «አብሲቱ የሚበቃው መቼ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ማማሰያው ሲከብድሽ» አሏት። ይህ ልኬት ነው። ስለዚህ ነውሩ ወጥ ቤት መግባት አይደለም፤ ነውሩ አንዷን ብቻ እዚያ ዘግቶ ቁልፉን መያዝ ነው።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደን ነገር ደርሰናል።

ከእኛ መካከል ብዙዎች ከሁሩሙ፥ ከአሌ፥ ከያዮና ከሌሎችም ወረዳዎች ገጠር መጥተን በመቱ ቤት ተከራይተን የምንማር ነን። ብዙ ጊዜ ወንድምና እኅት በአንድ ክፍል ይኖራሉ። እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ሰኞ ጧት እርሷ ከእርሱ አንድ ሰዓት ቀድማ ትነሣለች። ከትምህርት ሲመለሱ እርሱ ደብተሩን ይከፍታል፤ እርሷ እሳት ታነዳለች። ሲበሉ፥ ሲታጠብ፥ ሲነጋገሩ ይመሻል፤ እርሷ ደብተሯን ስትከፍት እርሱ ይተኛል፤ መብራቱ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣዋልና «አጥፊው» ይላታል። የሚፈተኑት ግን አንድ ፈተና፥ በአንድ ቀን ነው። ውጤት ሲመጣ አባት «ወንድምሽ እንዲህ ያመጣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ይላሉ። ይህን የምንናገረው ስለ ሌላ ሰው አይደለም። «አጥፊው» ያልነው እኛ ነን፤ መብራቱንም ያጠፋነው እኛው ነን።

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ከጎናችን የተቀመጡት ልጃገረዶች ሁሉ ዛሬ እዚህ የሉም። ከእነርሱ አንዷን ሁላችን እናስባታለን። የኬሚስትሪ እኩልታ ስታስተካክል ጠመኔው ከእጇ ሳይወርድ ትጨርስ ነበር። በዐሥራ አንደኛ ክፍል ከፋሲካ ዕረፍት አልተመለሰችም፤ ተዳረች አሉን። ዕድሜዋ 17 ነበር፤ ሕጉ 18 ይል ነበር። እኛ ሕጉን በሥነ ዜጋ ትምህርት ተምረናል፥ በፈተናም በትክክል መልሰናል፤ ነገር ግን አንዳችንም ሄደን አልጠየቅንም፥ ለማንም አልተናገርንም። ወንበሯን ለሁለት ቀን ባዶ ትተን በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ተቀመጠበት። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ርስታቸውን እንደ ጠየቁ በሰንበት ትምህርት ቤት ደጋግመን ሰምተናል፤ እርሷ ግን የምትቆምበት ማኅበር እኛ መሆን ሲገባን አልሆንላትም።

መጽሐፉን ማመስገን ብቻ ተገቢ አይሆንም። ዞት ስሕተት የማይገኝባት ሰው ሆና ነው የተሣለችው፤ ውሻዋም ከብዙ ሰው ይልቅ አስተዋይ ነው፤ በመጨረሻም ያልታሰበ ሀብታም ደርሶ ችግሩን ሁሉ ያቃልለዋል። ለዶክተር ሰገነት እንዲህ ያለ ሀብታም አልደረሰላቸውም፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ካንሳስ ያለውን መንገድ የሄዱት ፈተና በፈተና ላይ እያለፉ ነው። ከመጽሐፉ ይልቅ እውነት መስሎ የታየን ግን ሚስ ፍራስክ የተባለችው ሴት ታሪክ ነው። በተቋሙ ውስጥ ዞትን ከሚያሳድዷት አንዷ እርሷ ናት፤ በኋላ እንደምንረዳው ያው ግፍ ቀድሞ በእርሷም ላይ ደርሷል። የተጎዳች ሴት ሌላዪቱን ስትጎዳ ማየት አሳዘነን። አንዳንድ አክስቶቻችንም «እኔ ችዬው ኖሬአለሁ፥ አንቺስ ምን ትሆኛለሽ?» ሲሉ ሰምተናል።

እናቶችና አባቶች ሆይ፥ አንድ ልመና አለን። በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀምሯል፤ እዚያ ሲፈተኑ ወንዱም ሴቷም ከቤት ሥራ ነጻ ሆነው በአንድ ግቢ ያድራሉ። ያ ግን ለጥቂት ቀን ነው። ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት እሑድ እሑድ ልጃገረዶቹን ከገበያና ከእንጨት ለቀማ እንድታሳርፉልን፥ ስንቁንም ጋግራችሁ እንድትልኩልን እንለምናለን። በኪራይ ቤት ያለነው ወንድሞች ደግሞ አንድ ቀን እርሷ፥ አንድ ቀን እኛ እሳት ለማንደድ ተስማምተናል። የመጀመሪያው ሳምንት ሽሯችን አርሯል፤ እኅቶቻችንም ሳይናገሩ በልተውታል።

በላቦራቶሪው በር ላይ ከየካቲት ጀምሮ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ቢዩሬት የሚይዝ፥ የሚጽፍ፥ ቢከር የሚያጥብ በፊደል ተራ ተጽፎበታል። በመጀመሪያው ወር ወንዶቹ ስናጥብ ሁለት ቢከር ሰብረናል፤ ዋጋውንም አዋጥተን ከፍለናል። መጽሐፉን ለማንበብ የምትፈልጉ ከነገ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍት ታገኙታላችሁ፤ ብዙ እጅ ስላለፈበት ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ ነውና ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱት።